ሽማግሌው ይቆየኝ፣ ግሬዴን መልስ

ጣቢታ ሻንጣዋን ከአውቶቡስ ሳታወርድ፣ መባረሯ ገበያ ገብቶ ቅቤ ተራ ደርሶ ነበር። ማን እንዳወራው አይታወቅም። እትዬ ገነቴ «እኔ አፌን አልከፈትኩም» ብላ ምላለች፤ እሷ ከማለች ደግሞ ማን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው።

ወሬው እንዲህ ነው። የአቡጀዲ ነጋዴው የአቶ ሽብሩ ልጅ፣ ያቺ ሆሳዕና ሁሉ «የኛ ዶክተር» የሚላት፣ ከኮሌጅ ተሰናበተች። ይሄስ ይሁን፣ ያለ ነው። ጉዱ ነጥቧ ነው። አንድ ነጥብ ስምንት!

ሆሳዕና ነጥብ የምታውቀው ከመቶ ነው። ሰማንያ ያመጣ ይሞገሳል፣ ሃምሳ ያመጣ እንደምንም ያልፋል፣ ሠላሳ ያመጣ ይገረፋል። አንድ ነጥብ ስምንት ያመጣ ሰው ግን ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም።

«ከመቶ?» አለች ቅቤ ሻጯ እጇን አፏ ላይ ጭና።

«ከመቶ ነዋ!»

«ኧረ ዝም ብላ ስሟን ጽፋ ብትወጣ እንኳ አምስት አይነፍጓትም!»

አቶ ሽብሩ ይሄን ሰምተው የሱቃቸውን አንድ መዝጊያ ብቻ ከፍተው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው መቀመጥ ጀመሩ። የተከበሩ ሰው ናቸው። የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ሰው እሳቸው ጓዳ ተሰብስቦ ድምፁን አፍኖ ይዘምራል። ካድሬ ያልሰበረውን አንገት ይሄ ነጥብ ሰበረው።

ጣቢታ ልታስረዳ ሞከረች።

«አባባ፣ ከመቶ አይደለም። ከአራት ነው።»

«ከአራት?»

«ኤ አራት ነው፤ ቢ ሦስት፣ ሲ ሁለት፣ ዲ አንድ። ኤፍ ባዶ። ሁሉም ተደምሮ ሲካፈል ሁለት መሙላት አለበት። እኔ ትንሽ ነው የጎደለኝ።»

አቶ ሽብሩ አሰቡ፣ አሰቡና ጭራሽ ፊታቸው ጠቆረ። «ከመቶ ጥያቄ ብዙ መሳት ያለ ነው ልጄ፤ ጥያቄው ይበዛል። ከአራት ጥያቄ ሁለት እንኳ አለመሙላት ግን ምን ይባላል?»

ከዚያ ወዲያ ለአባቷ ማስረዳቱን ተወች።

እናቷ ወይዘሮ እልፍነሽ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። አሮጌ ቀሚስና የቀርከሃ መፋቂያ አቀበሏትና «ነይ» አሏት። ጓሮ የሠፈር ሴቶች ደቦ ወጥተው እንሰት እየፋቁ ነበር። ጣቢታ ከመካከላቸው ተቀምጣ፣ ቅጠሉን ሳንቃው ላይ በእግሯ ደግፋ ትፍቅ ጀመር። ውሃው ፊቷ ላይ ይረጫል። ደግ ነው፤ እንባ ቢኖርም አይለይ።

«እስቲ አንቺ፣» አለች እትዬ ገነቴ፣ ለዚህ ጥያቄ ስትል ነው ደቦ የወጣችው፣ «ሁሉንም ነው የወደቅሽው ወይስ የተረፈ አለ?»

«እትዬ፣ ያለፍኩት ይበዛል። ስፖርት እንዲያውም ኤ ነው።»

«ኤማ ትልቁ አይደል! ታዲያ በሱ አያካክሱልሽም?»

«ስፖርት አንድ ክሬዲት ናት። የወደቅሁበት ስታቲስቲክስ አራት ክሬዲት ነው።»

«ክሬዲት ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

ጣቢታ መፋቂያዋን አሳረፈች። «ክብደቱ ነው በይው። ስፖርት ላይ ኤ ማምጣት ዶሮ ማትረፍ ነው። ስታቲስቲክስ ላይ ዲ ማምጣት በሬ ገደል መግባት ነው። በሬው የሞተበት ሰው ‹ዶሮዬ ግን ደህና ናት› ቢል ማን ይሰማዋል?»

ሴቶቹ መፋቂያቸውን ጥለው ሳቁ። እትዬ ገነቴ በማግስቱ «የሽብሩ ልጅ በሬ ገደለች» ብላ ጃጁራ ገበያ ድረስ አዳረሰችው።

ጣቢታም አብራ ሳቀች። ሆዷ ውስጥ ያለውን ግን ለማንም አላሳየችም። ያንን ስታቲስቲክስ ያረመው፣ ያንን ዲ የጻፈው ሰው ማርቆስ ነው። ማርቆስ ደግሞ የምትወደው ሰው ነው።

ማርቆስ የዱራሜ ልጅ ነው። ከምባታ ነው፣ ያውም ካቶሊክ። እሷ ሀዲያ ናት፣ ያውም የሽብሩ ልጅ። ቤተሰብ ቢሰማ ሰማይ የሚፈርስበት ነገር! የተገናኙት እሷ መጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ ስትሄድ አውቶቡስ ላይ ነው። እሱ ተመርቆ እዚያው በረዳት መምህርነት ቀርቶ ነበር። መንገዱ አዙሯት በመስኮት ስታስመልስ፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ሳይጸየፍ ብርቱካን ልጦ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። እንዲህ ያለ ሰው ይረሳል?

የመጀመሪያውን ሴሚስተር ወባ ተኝታ አሳለፈችው፤ ነጥቧ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ሁለተኛው ላይ የስታቲስቲክሱ አስተማሪ ውጭ አገር ተላከና ማርቆስ በሱ ቦታ ክፍሏ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው መሄድ ተዉ። በዓይንና በደብዳቤ ብቻ ሆነ። ሰሌዳ ሲያጠፋ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጠመኔውን ሲያራግፍ ዞር ብሎ አንድ ጊዜ ያያታል። ያቺን አንዲት እይታ ሳምንቱን ሙሉ ትኖርባት ነበር።

ከዚያ ውጤት ተለጠፈ። ዲ። የማርቆስም ደብዳቤ በዚያው ቀረ።

ከመባረሯ ይልቅ ያቃጠላት ይሄ ነው። «ወረቀቴን አየው፣ ድንቁርናዬን በገዛ ቀይ እስክሪብቶው ቆጠረው፣ አፍሮብኝ ተወኝ» አለች። እንሰቱን እየፋቀች የራሷን ጭንቅላት ጠላችው።

*

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጣቢታ በቆሎዋን ይዛ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ሳለ ማርቆስ መጣ። ሱፍ ለብሷል፣ ጫማው ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። እሷ ፀጉሯ ላይ ዱቄት በኖበት አሮጊት መስላለች። በዓይኑ ጠራት፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሄዱ። ሞተሩ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ካልጮኹ አይሰማም።

«እሁድ ሽማግሌ ይመጣል!» ብሎ ጮኸ።

«ምን?»

«ሽማግሌ! ላገባሽ ነው!»

ልቧ ከደረቷ ወጥቶ ጭቃው ላይ የወደቀ መሰላት። «ደንቆሮ ሚስት ምን ልታደርግልህ ነው?» ብላ ጮኸች እሷም።

«ማነው ደንቆሮ ያለሽ?»

«ዲ የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ!»

ማርቆስ ቀና ማለት አቃተው። ይሄን ነገር ጮኾ የሚናገረው አልሆነለትም። ቀረብ አለና አፉን ጆሮዋ ላይ አደረገ። ትንፋሹ አንገቷን አሞቀው፤ ከአውቶቡሱ ቀን ወዲህ እንዲህ ቀርቧት አያውቅም።

«ጣቢቲ፣ ዲ አይገባሽም ነበር» አላት።

ፈተናው ከመቶ ይታረማል አላት፤ ፊደሉ ግን እንዲህ ያመጣ ይሄን ያገኛል ተብሎ አስቀድሞ አይወሰንም። የክፍሉ ነጥብ ከላይ እስከ ታች ይደረደራል። የተጠጋጉት አብረው ይቀመጣሉ። ሰፊ ክፍተት ያለበት ቦታ ላይ መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ በላይ ሲ፣ ከመስመሩ በታች ዲ።

«ክፍተቱ የነበረው ከአንቺና ከጠና በታች ነው። ሁለታችሁም ሲ ነበራችሁ።»

ጠና የሾኔ ልጅ ነው፤ አብሯት ነው የተባረረው።

«ታዲያስ?»

«ስብሰባ ላይ አንዱ ጓድ ተነስቶ ‹አንዳንድ መምህራን ለወዳጆቻቸው ግሬድ ያድላሉ› ብሎ እኔን አየኝ። አንቺን እያሰበ ነው ያለው። መስመሩን እዚያ ባሰምረው ‹ለሷ ብሎ ነው› ሊሉኝ ነው። ስለዚህ ከፍ አድርጌ ከናንተ በላይ አሰመርኩት። እጄ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ። የመጀመሪያ ሴሚስተርሽን አላሰብኩትም። እንደሚያስባርርሽ አላወቅሁም። ሳውቅ ደግሞ መጻፍ አፈርኩ።»

መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነው፤ ለካ ደንቆሮ አልነበረችም! ጭንቅላቷ ተመልሶ አንገቷ ላይ ተቀመጠ። ከደስታው ኋላ ግን ሌላ ነገር ከእግሯ ጥፍር እየጋለ መጣ።

እሱ አላየም። ቀጠለ እንጂ። «አሁን ግን ምን ቸገረሽ? እኔ አለሁልሽ። ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ሊልኩኝ ነው። ሚስቴ ከሆንሽ ግሬድ ምን ያደርግልሻል? ሁሉንም ትረሺዋለሽ።»

ገፈተረችው። አፏን ከፍታ የሞተሩን ድምፅ ለማሸነፍ ባላት ጉልበት ጮኸች። እናንተዬ፣ ልክ በዚያ ሰዓት የወፍጮው ቀበቶ ተበጥሶ ሞተሩ ቀጥ አለ።

«እጅህ ንጹሕ እንዲሆን በእኔ ታጠብክ!»

አገር ሰማው። ከሰልፉ አንድም ያልዞረ ሰው የለም። እትዬ ገነቴ ቁናዋን ከነበቆሎው ለቀቀችው።

ጣቢታ ሳታስፈጭ ቤቷ ሄደች። በመንገድ ላይ ያያት ሁሉ ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ከተባረረች ጀምሮ እንደዚያን ቀን ቀና ብላ ተራምዳ አታውቅም። ውስጧ ግን ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ ጆሮዋ ላይ የቀረውን ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ግማሹ ትንፋሹን ያወጣውን ሰው ማነቅ ይፈልጋል።

*

እሁድ ሽማግሌ እንደሚመጣ አቶ ሽብሩ ሰሙ። ካቶሊክ ነው የሚለውንም ሰሙ። ይጮኻሉ ተብሎ ቢጠበቅ፣ ቁጭ ብለው አገጫቸውን አሹ።

«ኮሌጅ እያለች ቢሆን በዚህ ደጅ አያልፍም ነበር» አሉ ለሚስታቸው። «አሁን ግን ማን ይወስዳታል? አስተማሪ ነው፣ ደመወዝ አለው። ይምጣ።»

ጣቢታ ከጓዳ ሰማች። «ለካ እኔም ግሬድ አለኝ» አለች ለራሷ። «ኤ እያለሁ የተከለከለው፣ ዲ ስሆን ተፈቀደልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ከምሳ በኋላ መጡ። አንደኛው አቶ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ ከዱራሜ የመጡ፣ የስንቱን ቤት ጠብ ያበረዱ፣ ዘንጋቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሽማግሌ። ሁለተኛው አቶ አበራ የዚሁ የሆሳዕና ሰው፣ የግቢ ጎረቤት ናቸው። በወጉ መሠረት ማርቆስ አብሮ አልገባም፤ አቶ አበራ ቤት ሆኖ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ «ተቀመጡ» ቢባሉ «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በር ላይ ቆሙ። ይሄም ወግ ነው።

ወጉ ያልሆነው ቀጥሎ የመጣው ነው። ጣቢታ ከጓዳ ወጣች።

«አባቶቼ፣ እንደቆማችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጠብ ባለበት ቤት ጋብቻ ይጠየቃል?»

«ጣቢታ! ጓዳ ግቢ!» አሉ አባቷ።

አቶ ወልደ ሰንበት ዘንጋቸውን አነሱ። «ተው አቶ ሽብሩ። ቅሬታ አለኝ ያለ ሰው ይሰማል። አይጠየቅም ልጄ፤ መጀመሪያ ጠቡ ይታያል። ጠቡ ከማን ጋር ነው?»

«ከልጃችሁ ጋር።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ተቀመጡ። አሁን የተቀመጡት ለጋብቻ አይደለም፤ ለችሎት ነው። ወይዘሮ እልፍነሽ ያዘጋጁት ምግብ ጓዳ ቀረ።

«ምን አደረገሽ? ተዳፈረሽ?»

«አልተዳፈረኝም።»

«ስምሽን አጠፋ?»

«ሲ ነበረኝ፤ ዲ አደረገብኝ።»

አቶ ወልደ ሰንበት ወደ አቶ አበራ ዞሩ። «ሲ ምንድን ነው? ከብት ነው?»

«ፊደል ነው አሉ። የፈረንጅ ፊደል።»

«ፊደል ነው የወሰደባት?» ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። ያዩት ጠብ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማቸውም። «ካሳ ይክፈላት። ከሲ ወደ ዲ ስንት እርምጃ ነው? አንድ ብቻ? እንግዲያው ጊደር ይበቃል።»

«ጊደር አልፈልግም አባቴ። ፊደሌን ነው የምፈልገው።»

«ኧረ ልጅት፣ ጊደር ትወልዳለች። ፊደል ምን ይወልዳል?»

አቶ አበራ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ጣቢታ ግን አልሳቀችም። ሽማግሌው ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ከጃጁራ ገበያ ሰው ሲመለስ አይተው ያውቃሉ?»

«እንዴት አላይ!»

«ተጠጋግቶ ነው የሚመጣው አይደል? አንድ ቡድን ይመጣል፣ ከዚያ መንገዱ ጭር ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላው ቡድን ይመጣል። ‹የፊተኞቹን ጠላ አጠጡ› ቢባሉ የት ላይ ይቆርጣሉ?»

«ጭር ያለበት ላይ ነዋ።»

«እንደሱ ነው ሕጉ። ከፊተኞቹ መጨረሻ ላይ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ከፊቴ ያለችውን ሴት ነጠላ በእጄ ልይዘው እችል ነበር። ልጃችሁ መጥቶ መንገዱን በሷና በእኔ መሃል ዘጋው። ኋላዬ ያለው ጭር ያለ መንገድ እያለ! ለምን? የሚወዳት እኔን ስለሆነ። ሌላ ሰው ብሆን ኖሮ አልፌ ነበር።»

አቶ ወልደ ሰንበት ዘንጋቸውን መሬት ላይ ማሽከርከር አቆሙ።

«ብቻዬን ብሆን ደግሞ ዝም እል ይሆናል» አለች። «ከእኔ ጋር ጠና ነበር። የሾኔ ልጅ ነው። ተማሪ ሳለ ውትድርና አይነካውም ነበር። አሁን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና እየፈለገው አጎቱ እንሰት ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው። እኔን ያገባኛል እንበል። ጠናን ማን ያገባዋል?»

የሚሳቅ ነገር ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

«ጥሩት» አሉ ሽማግሌው።

ማርቆስ ገባ። ሱፉን ለብሷል፤ ለመታየት ሳይሆን ለመከሰስ የገባ ሰው መሰለ። በሰሌዳው ዘመን እንደለመደው አንድ ጊዜ አያት። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ልጅቷ ‹ሲዬን ዲ አደረገብኝ› ያለችው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው መስመሩን መልስ።»

«አባቴ፣ የገባ ግሬድ እንዲሁ አይመለስም። ምክንያቱን ጽፌ ለትምህርት ክፍሉ ማቅረብ አለብኝ። ከዚያ አካዳሚክ ኮሚሽን የሚሉት የኮሌጁ ሸንጎ አይቶ ነው። እሱም መስከረም ምዝገባ ሳይዘጋ።» ወደ ጣቢታ ዞረ። «‹የድምር ስህተት ነው› ብል ያንቺን ብቻ በቀላሉ...»

«ድምሩ አልተሳሳተም።»

«መስመሩን አንስቻለሁ ካልኩ ‹ለምን?› ይሉኛል።»

«ለምን እንደሆነ ንገራቸዋ።»

«ምን ብዬ?»

«‹ወደድኳት። ወድጃት ፈራሁ። ፈርቼ በደልኳት፣ ከሷም ጋር ሌላ ሰው በደልኩ› ብለህ።»

አቶ ሽብሩ ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሱ። «ማኅተም በሚመታበት ወረቀት ላይ ‹ወደድኳት› ተብሎ ሊጻፍ? ልታዋርጂን ነው?»

«አባባ፣ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ላይ ተባራለች ተብሎ ተጽፏል። እሱ ካላዋረደን ይሄ ምንም አያደርገንም።»

ማርቆስ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ። «ጣቢቲ፣ ጀርመን ይቀርብኛል።»

«ይቅር።»

«ሥራዬም ሊሄድ ይችላል። ከዱራሜ ጭቃ ተነስቼ እዚያ ለመድረስ ያየሁትን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እኔም ከዚህ ጭቃ ነው የተነሳሁት። አንተ መልሰህ ጣልከኝ እንጂ።»

ማርቆስ ሽማግሌ ፊት ማንም የማይጠይቀውን ጠየቀ። «ብጽፍ ታገቢኛለሽ?»

ልቧ አዎ አለ። ጮኾ አለ። እሷ ግን አፏን ለልቧ አልሰጠችውም።

«ለዚህ ብለህ ከሆነ አትጻፍ! አባቴ ዲ ስላመጣሁ አርክሶ ሊሰጠኝ ነበር፤ አንተ ደግሞ በሲ ልትገዛኝ ነው? እኔ በፊደል አልሸጥም። የጻፍከው ዋጋ ከሆነ አልፈልገውም። እውነት ስለሆነ ጻፈው፣ ጽፈኸው ሂድ። ከዚያ ወዲያ የማደርገውን እኔ አውቃለሁ።»

አቶ ወልደ ሰንበት ተነሱ። «የመጣንበትን ሳንጠይቅ ሄድን» አሉ። በር ላይ ደርሰው ግን ለአቶ ሽብሩ ብቻ የሚሰማ መስሏቸው «የወለድካት አንተ ነህ? እርግጠኛ ነህ?» አሉ፤ ሁሉም ሰማ።

ማርቆስ ቃል አልሰጠም። ጎንበስ ብሎ ወጣ። ጣቢታ የበሩን መቃን ይዛ ጀርባውን አየች። ተሯሩጣ ክንዱን ብትይዘው ዞሮ እንደሚያቅፋት ታውቃለች። ጣቶቿ መቃኑ ላይ ነጡ እንጂ አልለቀቀችም። እንዲህ አድርጋ የወደደችበት ሰዓት አልነበረም።

*

መስከረም ጠባ። ሆሳዕና ሌላ ወሬ አጥታ ይሄንኑ ታኝካለች። «ታጠበባት» የሚለውን ሰው ሁሉ እንደየልቡ ተርጉሞታል፤ እትዬ ገነቴ የተረጎመችው እዚህ አይጻፍም።

አንድ ቀን ከሾኔ በመጣ አውቶቡስ ጠና ወረደ። ከስቷል፣ ፂሙ አድጓል፣ ጥርሱ ግን ሁሉም ይታያል። በሁለት እጁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ አቶ ሽብሩ ደጅ ቆመ።

«ተመለስን!» አለ። «ጣቢታ፣ ተመለስን! ሲ ነን!»

ወሬውን ያመጣው እሱ ነው። ማርቆስ ጻፈው። ኮሚሽኑ ፊት ጮክ ተብሎ ተነበበ። «ወድጃት ፈራሁ» ላይ ሲደርሱ ጸሐፊዋን ሳል ያዛት፤ ጓድ ተብዬው ኮርኒሱን አየ። መስመሩ ወደ ቦታው ወረደ። ጀርመንም ቀረ። ማርቆስ ከኮሌጁ ተነስቶ ዱራሜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደበ።

«ለእኔስ ምን አለ?» አለች ጣቢታ።

«ምንም አላለም። ‹ጽፈኸው ሂድ ብላኛለች› ብሎ ሄደ።»

ይሄኔ ገባት። አይመለስም። ሽማግሌም አይልክም። የሚያቀርበው ነገር የለኝም ብሎ ነው፤ ቢጠይቃት ዋጋ ጠየቀኝ እንዳትለው ፈርቶ ነው። ራሷ ያጠረችው አጥር ነው።

አቶ ሽብሩ ሱቃቸውን በሁለቱም መዝጊያ ከፈቱ። ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጡ። «ልጄ ተመልሳለች!» ለሚያልፍ ሁሉ ነው። ማታ ራት ላይ ደግሞ ጉሮሮአቸውን ጠርገው «እንግዲህ ኮሌጅ ነሽ። ካቶሊክ በዚህ ደጅ አያልፍም» አሉ።

«ግሬዴ ወጣ ማለት ነው አባባ?»

«ወጣ እንጂ!»

«እንግዲያው በወጣ ግሬዴ የምፈልገውን እመርጣለሁ» አለችና ሳህኗን አንስታ ጓዳ ገባች። ወይዘሮ እልፍነሽ ባላቸው ፊት በሕይወታቸው መጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ሄደች። ወደ ኮሌጅ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። እሷ ግን የዱራሜው ላይ ወጣች። ምዝገባው አንድ ቀን ይጠብቃል፤ እሷ አትጠብቅም።

ዱራሜ አቶ ወልደ ሰንበትን ደጃቸው ላይ አገኘቻቸው።

«አባቴ፣ ሽማግሌ ሁኑኝ።»

«ለማን ነው የምለምነው?»

«ለእኔ። ማርቆስን ለእኔ ጠይቁልኝ። እናቱን ጠይቁ፣ እሱንም ጠይቁ።»

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩዋት። «ሴት ሽማግሌ ልካ ታውቃለች?»

«ሽማግሌ ፊት ግሬድ የጠየቀችስ ነበረች?»

ሳቃቸው መጣ። ሳቁ፣ ሳሉ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ዘንጋቸውን ያዙና ተነሱ። የማርቆስ እናት ቤት ቅርብ ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ጣቢታ ቆመች፤ የጠያቂ ወጉ ውጭ መጠበቅ ነው።

አቶ ወልደ ሰንበት ሊገቡ ብለው ዞሩ። «ምን ይዛለች ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ሲ ይዛለች በሉ። የራሷን።»

ገቡ። ውስጥ ወንበር ሲንኳኳ ሰማች። የሽማግሌው ድምፅ፣ ከዚያ የእናቱ «ማነው የላከህ?»፣ ከዚያ ከማርቆስ እጅ የወደቀ ነገር ድምፅ። የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። ሽማግሌ የላከ ወንድ ሁሉ ውጭ ቆሞ እንዲህ ነው የሚሆነው ለካ። ፈርታ ነበር፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ደስታዋ ግን ከፍርሃቷ በላይ ነበር፤ መስመሩንም በሁለቱ መሃል ያሰመረችው ራሷ ነበረች።